«ጥሩ ናት፤ ግን አታሸንፍም»

የማኅበራችን ምርጫ ባለፈ በሦስተኛው ምሽት በአንድ መኝታ ክፍል ስድስት ሆነን ቡና እንጠጣ ነበር። ወሬው እንደ ልማዱ ከፈተና ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ አገር ቤት ሲዘዋወር ቆይቶ በመጨረሻ ከምርጫው ላይ ደረሰ። ከመካከላችን አንዱ ድምፁን አሸናፊ ለሆነው ወንድማችን መስጠቱን ሳይደብቅ፣ «በልቤ የወደድኋት ግን ያችን የግብርና ተማሪ ነበር» ሲል ተናዘዘ። ሁለተኛው «እኔም እንዳንተው ነኝ» አለ። ሦስተኛው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ስድስታችንም አንድ ዓይነት ነገር ማድረጋችን ታወቀ። ስድስታችንም የወደድነው እሷን ነው፤ ስድስታችንም ድምፃችንን የሰጠነው ለሌላው ነው። ምክንያታችንም አንድ ነበረ፦ «ጥሩ ናት፤ ግን አታሸንፍም።»

አታሸንፍም ብሎ ማን ነገራችሁ ተብለን ብንጠየቅ የምንመልሰው አልነበረንም። አንዱ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሰማ፤ ሌላው ከእርሱ ሰማ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁሉም የሚለው ነገር ስለ ሆነ ብቻ አመነ። «ወንዶቹ ሴት አይመርጡም» የሚልም ነበረበት፤ ይህንንም ይሉ የነበሩት ልባቸው እሷን የፈቀደ ወንዶች ነበሩ! ወሬው ከእኛው ወጥቶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ የሌላ ሰው ወሬ መስሎ ወደ እኛው ተመለሰ።

ፍርሃትም ነበረን። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነበሩና ሦስተኛው በየመኝታ ክፍሉ እየዞረ «የአገሬ ልጆች» እያለ ድምፅ የሚለምን ነበር። ድምፃችን ለሁለት ቢከፈል ይህ ሰው በመካከል ሾልኮ ይወጣል ብለን ሰጋን። ስለዚህ ከሁለቱ ደኅና ተወዳዳሪዎች «ያሸንፋል» የተባለውን መረጥን። ውጤቱ ሲለጠፍ ያ የፈራነው ሰው የትም አልደረሰም። የተመረጠው ወንድማችንም ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውንም ገና ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። ይህችን ጽሑፍ በእርሱ ላይ እንደ ተወረወረች ድንጋይ አድርጎ የሚያነብ ቢኖር ተሳስቷል። የምንከሰው ራሳችንን ነው።

ነገሩን ስናወጣ ስናወርድ ትዝ ያለን የአሜሪካን የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። እዚያ ይህ «ያሸንፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዕጩው ዓላማና ጠባይ እኩል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይመዘናል። ምክንያቱም ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሰው አስቀድሞ በየግዛቱ በፓርቲው ሰዎች መመረጥ አለበት። በዚህ በመጀመሪያው ምርጫ ድምፅ የሚሰጠውም ሰው «የምወደው የቱን ነው?» ብሎ ብቻ አያቆምም፤ «በዋናው ምርጫ የዚያኛውን ፓርቲ ሰው የሚጥልልኝ የቱ ነው?» ብሎ ይጨምርበታል።

ይህን ሞኝነት ነው አንልም። በ2000 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ቡሽ በፍሎሪዳ አል ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ነው። በዚያችው ግዛት የአረንጓዴው ፓርቲ ዕጩ ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ ነበር። የኔደር መራጮች ከመቶ አንዱ እንኳ ወደ ጎር ቢዞሩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ልቤ የፈቀደውን መረጥሁ ያለው ሰው በማግሥቱ የማይፈልገውን ሰው በዙፋን ላይ አገኘው። እንግዲህ በምርጫ ማስላት ነውር አይደለም። ጥያቄው ስሌቱ የቆመበት መሠረት ምንድር ነው የሚል ነው።

በ1960 እ.ኤ.አ. ጆን ኬኔዲ ሲነሣ «ካቶሊክ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊሆን አይችልም» ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ሰዎች ማስረጃ ነበራቸው፤ በ1928 አል ስሚዝ የሚባል ካቶሊክ ተወዳድሮ ክፉኛ ተሸንፏልና። ኬኔዲ ግን ፕሮቴስታንት ወደ በዛበት፣ ካቶሊክ እጅግ ጥቂት ወደ ሆነበት ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄዶ ከሂዩበርት ሃምፍሬይ ጋር ተወዳደረና በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ያ «አይችልም» የሚለው ወሬ ያን ያህል ጉልበት ያጣው በክርክር አይደለም፤ ሰው ጎረቤቱ ምን እንዳደረገ በዓይኑ ስላየ ነው።

ከዚህ ይልቅ የእኛን ምሽት የሚመስለው የባራክ ኦባማ ነገር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ ወደ ሂላሪ ክሊንተን ያደሉ ነበር። ኦባማን ጠልተውት አልነበረም፤ «ነጮቹ አይመርጡትም፤ ድምፃችንን ለምን እናባክን?» የሚል ግምት ነበራቸው። በጥር 2008 መጀመሪያ፣ ሕዝቧ በአብዛኛው ነጭ በሆነችው በአዮዋ ኦባማ አሸነፈ። በዚያው ወር መጨረሻ በሳውዝ ካሮላይና የጥቁሮቹ ድምፅ እንደ ክረምት የሶር ወንዝ ሞልቶ ወደ እርሱ ፈሰሰ፤ ከጠቅላላው ድምፅ 55 በመቶ አገኘ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ኦባማ ያው ኦባማ ነበር። የተለወጠው የመራጩ ግምት ነው።

እንግዲህ የማሸነፍ ዕድል የሚባለው ነገር እንደ ቁመት በዕጩው አካል ላይ የሚለካ ነገር አይደለም። ስለ ጎረቤቶቻችን ልብ ያለን ግምት ነው፤ ጎረቤቶቻችንም ስለ እኛ ልብ ያላቸው ግምት ነው። ሁለቱም ወገን አፉን ዘግቶ ሲገማመት የሚያሸንፈው ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ሳይሆን ከሁሉ ይልቅ የተወራለት ይሆናል። ደግሞም ግምቱ ብዙ ጊዜ ይስታል። በ2004 የዴሞክራቶቹ መራጮች «ቡሽን የሚጥል እርሱ ነው» ብለው ጆን ኬሪን መረጡ፤ ኬሪ ተሸነፈ። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ አያሸንፍም ያላለ አዋቂ ጥቂት ነበር፤ አሸነፈ። በ2020 ግን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሺር አምስተኛ የወጣው ጆ ባይደን «ትራምፕን የሚችለው እርሱ ነው» ተብሎ ተመረጠና እውነትም ቻለው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የራሱ ፓርቲ ሰዎች «አያሸንፍም» ብለው ከውድድሩ እንዲወጣ ገፋፉት፤ በምትኩ የቀረበችው ካማላ ሃሪስም ተሸነፈች። ሚሊዮን ዶላር እየከፈሉ የሕዝብን ሐሳብ በየሳምንቱ የሚለኩት ሰዎች እንዲህ ከሳቱ፣ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ የለካነው እኛማ!

ይህን ካልን ዘንድ ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ ነገሩ መልኩን ይለውጣል።

ባለፈው ዓመት ከሁሩሙ ወደ መቱ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ቡናና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ተማሪ መሆናችንን ሲያውቁ ስለ ትምህርታችን ጠየቁን፤ እኛም በበኩላችን ስለ ምርጫ ጠየቅናቸው።

«አባባ፣ በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ ሰጥተው ነበር?»

«ሰጠሁ እንጂ!»

«ለማን ሰጡ?»

«ለሚያሸንፈው ነዋ!»

እኛ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጆቼ፣ ለበቆሎዬ ማዳበሪያ የሚሰጠኝ ማን ነው? የልጄን መታወቂያ የሚጽፈው ማን ነው? ለሚሸነፍ ሰው ድምፅ ሰጥቼ ከዚህ ሁሉ ጋር ልጣላ? ጎመን በጤና!» አሉን።

ከዚህ በፊት ቢሆን ይህን የመሰለውን ቃል ስንሰማ «ሕዝቡ አልነቃም» ብለን እናልፈው ነበር። የተማረ ሰው ከሚወዳቸው ቃላት አንዱ ይህ ነው፤ ማሰብን ያሳርፋልና። ዛሬ ግን በራሳችን ላይ ከደረሰው በኋላ እንዲህ ለማለት ድፍረቱ የለንም። ሽማግሌው ከእኛ ይልቅ አጥርተው አስበዋል። እኛ በወሬ አስልተን ሳትን፤ እርሳቸው ግን ለስሌታቸው የዕድሜ ልክ ማስረጃ አላቸው። ልዩነቱ እርሳቸው የሚያሰሉት የጎረቤቶቻቸውን ልብ ሳይሆን የቢሮውን ፊት መሆኑ ነው። የአሜሪካው መራጭ «ያሸንፋል ወይ?» ሲል «ሌሎች ይመርጡታል ወይ?» ማለቱ ነው። የእኛ ሰው «ያሸንፋል ወይ?» ሲል «አስቀድሞ አሸንፏል ወይ?» ማለቱ ነው።

ይህም ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ተደረገ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ለመወዳደርም በምርጫው ክልል ውስጥ አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም ሁለት ሺህ ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ማስመስከር ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን በኢሉባቦር ለጢሰኛ ይህ ምን ማለት እንደ ነበር ማስረዳት አያሻም። ማን ሊያሸንፍ እንደሚችል ከመራጩ በፊት ሕጉ ወሰነ። ያ ዘመን ካለፈ በኋላ ደርግ በ1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ አደረገ፤ በዚያ ጊዜ ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ በአንዱ ፓርቲ በኩል ማለፍ ግድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ «ማን ያሸንፍ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በእውነት ጥያቄ የሆነበት ዘመን አንድ ነው፤ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.። በዚያ ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። አያሸንፍም የተባለው ተቃዋሚ በአንድ ቀን «ያሸንፋል» ሆነ። በኋላ ግን ውጤቱ አጨቃጨቀና የሆነው ሆነ። ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ምክትል ሰብሳቢ ከአገር ወጥተው እንደ ተናገሩት የተገደሉት ሲቪሎች 193 ናቸው። ይህን ያየ ገበሬ «ጎመን በጤና» ቢል ፈሪ ነው ብለን የምንፈርድበት እኛ ማን ነን? በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ መቀመጫዎች ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ በአዲስ አበባ የመድረክ ዕጩ፣ ሌላው የግል ተወዳዳሪ። በ2007 ዓ.ም. እነዚያም ሁለቱ ጠፉ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ወጥተው ስለ ነበር በኦሮሚያ በብዙ ቦታ ገዢው ፓርቲ ያለ ብርቱ ተፎካካሪ ቀረበ። ሽማግሌው ካርዳቸውን ይዘው በተሰለፉ ጊዜ ያሰሉት ስሌት የሦስተኛ ክፍል መደመር ያህል እንኳ የሚከብድ አልነበረም።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋልና። በዚያው ምርጫ የኢዜማ መሪ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ተወዳድረው አላሸነፉም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሹመቱን የሚያመሰግን አለ፤ የሚነቅፍም አለ፤ ለዛሬ ጉዳያችን አይደለም። በምርጫ ሣጥኑ በኩል ያልተገባበት ቤት በሌላ በር ሲገባበት ያየ መራጭ ግን «ለካ ድምፄና ሥልጣን የሚገናኙት በዚህ መንገድ አይደለም» ቢል አይደንቅም።

የሆነ ሆኖ ሽማግሌውን አንድ ነገር ጠየቅናቸው። «አባባ፣ ለሚያሸንፈው ድምፅ ከሰጡ ያሸነፈው ሰው ምን አደረገልዎ?»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ መንደራቸው የመብራት መስመር ይገባል ከተባለ ሦስት ምርጫ ማለፉን ነገሩን። የሶር ወንዝ ኃይል ማመንጫ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ 5 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ይህን እርሳቸውም ያውቃሉ። ወንዙ ከቤታቸው ሩቅ አይደለም። ሦስቱንም ጊዜ ለአሸናፊው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ አሸናፊያቸው አሸንፏል። መስመሩ ግን አልገባም። «እንግዲህ ስሌቱ አንድ ቦታ ተሳስቷል» ብለው ራሳቸው ሳቁ። በዚህ ጊዜ እኛ አልሳቅንም።

የተሳሳተበትን ቦታ እኛ ያየነው ይመስለናል። ለባለጊዜ ድምፅ የሚሰጥ ሰው «ውለታዬን ይቆጥርልኛል» ይላል። ባለጊዜው ግን የሚቆጥረው የሚጠራጠረውን ድምፅ ነው። በእጁ ያለውንማ ምን ብሎ ይቆጥረዋል? ያሜሪካኖቹን ነገር እንደ ገና እንጥራው። ዋዮሚንግ ሁልጊዜ ለሪፐብሊካኖች፣ ቨርሞንት ሁልጊዜ ለዴሞክራቶች እንደምትሰጥ ስለሚታወቅ በዋናው ምርጫ ጊዜ ዕጩዎቹ ወደዚያ አይሄዱም። የሚመላለሱት ወደ ፔንሲልቫኒያ፣ ወደ ሚሺጋን፣ ወደ ዊስኮንሲን ነው። በ2016 እነዚህን ሦስቱን ግዛቶች ትራምፕ ያሸነፈበት ልዩነት ተደምሮ 80 ሺህ ድምፅ አይሞላም። ስለዚህ የሚቀጥለው ዕጩ የእነዚያን አገሮች ፋብሪካ፣ የእነዚያን አገሮች ገበሬ፣ የእነዚያን አገሮች መንገድ በቃሉ ያጠናል። እርግጠኛ የሆነ ድምፅ ክብደት የለውም።

በእኛው አገር የያዩን ነገር እንይ። በ2004 ዓ.ም. በያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ እንዲሠራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ማለት ነው፣ ሥራው ተሰጠ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ያልቃል ተባለ፤ ወጪው በቢሊዮኖች ብር የሚቆጠር ነበር። ለዚህች ለአረንጓዴዋ ኢሉባቦር ይህን የመሰለ ሥራ መጥቶላት አያውቅም። የ2007ቱ ምርጫ ሲደርስ ፋብሪካው አላለቀም፤ ቢሆንም ከዚህ የተመረጡት የምክር ቤት አባላት ሁሉ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። በኋላም ሥራው ሳይጠናቀቅ ከኮርፖሬሽኑ እጅ ወጣ። እዚህ የጠፋው የአንድ ፋብሪካ ገንዘብ ብቻ አይደለም። «ምን ደረሰ?» ብሎ በምክር ቤት ተነሥቶ ካልመለሳችሁልኝ ወንበሬን አጣለሁ የሚል አንድ ሰው ከዚህ አገር አልነበረንም። ማንም ወንበሩን ሊያጣ አይችልም ነበርና። ምርጫው ብርቱ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ያልቅ ነበር ብለን አንምልም፤ መጠየቁ ግን አይቀርም ነበር።

ስለዚህ ሽማግሌውን የምንነቅፋቸው ስላሰሉ አይደለም። እንዲያውም ስሌቱን እስከ መጨረሻው ቢወስዱት ለሁልጊዜ አሸናፊ ሁልጊዜ መስጠት እንደማያዋጣ ያገኙታል ነው የምንለው። ግን በ2013 ዓ.ም. የምርጫ ወረቀት ላይ ሌላ ብርቱ ስም ባላገኙበት ይህን መንገር በባዶ ሣህን ፊት ስለ ወጥ እንደ ማውራት ነው። ይህን ስለምናውቅ በእርሳቸው ላይ ድምፃችንን አናሰማም።

እኛ ግን ምክንያት የለንም። በግቢያችን ምርጫ ማዳበሪያ የሚከለክለን አልነበረም፤ መታወቂያ የሚነሣን አልነበረም፤ ሦስት ስም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሣጥኑም የተዘጋ ነበር። ያለ ማንም አስገዳጅ የሽማግሌውን ልማድ ከቤት ይዘን መጥተን በነጻ ሣጥን ውስጥ ከተትነው። የሚያስፈራንም ነገር ይህ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመካከላችን የወረዳ ሹም፣ ዳኛ፣ ጋዜጠኛ፣ ምናልባትም የምክር ቤት አባል የሚሆን አለ። በማኅበር ምርጫ ላይ የልቡን ለመጻፍ ያልደፈረ ሰው በዚያን ጊዜ ከየት ያመጣዋል?

«ሴት አታሸንፍም» ለሚለው ደግሞ አንድ ስም እንጥቀስ። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ጎሬን ሁላችን እናውቃታለን። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ራስ እምሩ የቀረውን መንግሥት ይዘው የቆዩባት ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ በጎሬ ከነበሩት አርበኞች ጋር የተሰለፉት፣ በኋላም ተይዘው ወደ ኢጣሊያ ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። እኒህ ሴት ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ በ1950 ዓ.ም. ምርጫም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት በዚያ ምክር ቤት ሴት ተመርጣ አታውቅም። ያለፈውን ብቻ አይቶ የሚያሰላ ሰው በዚያን ጊዜ ቢጠየቅ «ጥሩ ናቸው፤ ግን አያሸንፉም» ባለ ነበር። ያም ሁሉ የሆነው አሁን የምንነቅፈው የንብረት ሕግ ባለበት፣ ፓርቲ በሌለበት ዘመን ነው። እኛ በ2010ዎቹ መጨረሻ ላይ ሆነን በሴት ዕጩ ላይ የሰጠነው ፍርድ ከዚያ ወደ ኋላ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? ስብከት አንወድም፤ ስለዚህ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ የሚመለከት አንድ ሐሳብ ብቻ እናቀርባለን። ከሁለት በላይ ተወዳዳሪ ቀርቦ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ፣ የበላይ የሆኑት ሁለቱ በሳምንቱ እንደ ገና ይወዳደሩ። እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር ማንም የልቡን ቢመርጥ ድምፁ አይባክንም፤ የሚፈራውን ሰው ለመጣል ሁለተኛ ዕድል አለውና። ፈረንሳዮች ፕሬዚዳንታቸውን የሚመርጡት በዚህ መንገድ ነው። በአሜሪካም የሜይን ግዛት መራጮች በ2020 ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሲሰጡ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በቅደም ተከተል እንዲጽፉ ተፈቅዶላቸዋል።

በአገራችንም ነገሩ ታስቦ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች ሲደራደሩ ከመቀመጫው ሃያ በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና እንዲሆን ተስማምተው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ግን ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚለውን የቀድሞውን ሥርዓት እንዳለ አቆየው፤ ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው። የአገሩን ሕግ መለወጥ በእኛ እጅ አይደለም። የማኅበራችን ደንብ ግን በጠቅላላ ጉባኤ በእጅ ማውጣት ይለወጣል፤ ወረቀቱም ሁለት ገጽ አይሞላም።

«ሁለት ዙር ወጪ ነው፤ ጊዜም ይበላል» የሚል እንደሚነሣ እናውቃለን። ወጪው የወረቀትና የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ይህችን ጋዜጣ ለማባዛት ከምናወጣው አይበልጥም። «ተማሪው ሁለተኛ ጊዜ አይወጣም» የሚል ደግሞ ሊኖር ይችላል። ይህን እንኳ ያለ ሙከራ አናምንም፤ ስለ ሌላው ተማሪ በመገመት ምን እንዳገኘን ከላይ ጽፈናልና።

ይህን ጽሑፍ ለማተም ከመስጠታችን በፊት ያችን የግብርና ተማሪ አግኝተን የዚያን ምሽት ነገር ነገርናት። ይቅርታ እንጠይቅ ወይስ እንሳቅ ሳናውቅ ቆምን። ዘንድሮ የምትመረቅ ስለ ሆነች ዳግመኛ አትወዳደርም። ጥቂት አሰበችና፣

«ስድስታችሁም?» አለችን።

«ስድስታችንም።»

«እና ይህ ከአንድ ክፍል ብቻ ነው?»